በፋኖስ ብርጭቆ የሚገባ እጅ

አርብ ከፋብሪካ ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ «ነገ መብራት የለም፤ ለጥገና ነው አሉ፣ እኛም ደሴም» አለችኝና ተነስታ ስልኳን፣ ፓወር ባንኳንና ያችን ቻርጅ የምትደረግ አምፖል በየሶኬቱ ሰክታ ተመልሳ ተቀመጠች። «በቃ፣ ጨረስኩ።» እኔ የያዝኩትን ውሃ ጠጥቼ አልጨረስኩም ነበር። ቤቴ ውስጥ ላምባ ከገባ ስንት ዓመት እንደሆነው አላስታውስም፤ ግን ወዲያው የቀኝ እጄ ጣቶች ላምባ ላምባ ሸተቱኝ። ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኳቸው። ያው የማሽን ዘይት ነው፣ ዘወትር ከፋብሪካ ይዤው የምመጣው፤ ነገር ግን ያኛው ሽታ አንዴ መጥቷልና አልመለስ አለ።

ከሽታው ጋር የመጣው ናፍቆት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አብሮት የመጣው ቅናት ነው። አርባ ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ፣ ልጅ አሳድጌአለሁ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ስንት ሴቶች የማዝ አለቃ ነኝ፤ ግን ደሴ ነገ መብራት ይጠፋል ስባል መጀመሪያ ያሰብኩት ለእናቴ ፋኖሷን ማን ይጠርግላታል ብዬ ነው፤ መልሱንም ስለማውቀው ቆሽቴ አረረ። የምትጠርግላት መዲና ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዲና ናት።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኔና እናቴ ብቻችንን ነበር። አባቴ እኔ ቆሜ ሳልሄድ ስለሞተ ሰውየውን የማውቀው ከአንድ ፎቶና እናቴ «አባትሽ ቢኖር» ብላ ጀምራ ከማትጨርሰው ዓረፍተ ነገር ነው። እማ ልብስ ሰፊ ናት። አንዷ ክፍላችን ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር፣ በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዋ ቆሞ ነበር፤ ወለሉ ሁልጊዜ በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሸፈነ ስለነበር እኔ ወድቄ ጉልበቴን የተላጥኩት ከደጅ እንጂ ከቤት አልነበረም። የምተኛው ከእሷ ጋር፣ የምበላው ከእሷ ጋር፣ መርፌ ዓይን ውስጥ ክር የማስገባላትም እኔ ነበርኩ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የእኔ እናት ሆድ ግን አንድ ቀለም ብቻ የነበረበት ዘመን ነበር፤ ያም ቀለም እኔ ነበርኩ።

የዚያን ጊዜ መብራት በሁለት ዓይነት ይጠፋ ነበር። ድንገት የሚጠፋው አለ፤ እሱን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ «ውይ!» ብሎ ሻማውን ይፈልጋል። በማስታወቂያ የሚጠፋው ግን ክብር ነበረው። ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ያሰረች መኪና ኮረኮንቹን እየተንገጫገጨች ትመጣለች፤ ውስጧ ያለው ሰውዬ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ብሎ ሲናገር ግማሹን ነፋስ ይወስደዋል፣ ግማሹን እሷን ተከትለን የምንሮጠው ልጆች ጩኸት ይውጠዋል። እማ መቀሷን አቁማ ታዳምጥና ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነበር። «የሚሄድበትን ሰዓት እነሱ ያውቁታል። የሚመጣበትን አላህ ያውቀዋል።»

ከዚያ ቤቱ ይቀየራል። መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ መባሉ ምንም አይፈይድልንምና፣ ጀሪካኑ፣ በርሜሉ፣ ድስቱ፣ የሻይ ጀበናው ሳይቀር ይሞላል። እህሉ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ሰው ሁሉ ማስታወቂያውን ስለሰማ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። የሬዲዮው ባትሪ ድንጋዮች ከሆዱ ወጥተው ትንሽ ነፍስ እንዲዘሩ መስኮት ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እማ የተሰፉትን ልብሶች በኤሌክትሪኩ ካውያ አንድ በአንድ ትተኩሳለች፣ ለሚቀሩት ደግሞ ያ እንደ ጥጃ የሚከብደው የከሰል ካውያ ከአልጋ ሥር ይወጣል። የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ በሰፈሩ ብቸኛዋ ማቀዝቀዣ ያላት ለስላሳ ሻጭ ስለነበረች፣ መብራቱ ሄዶ ቀልጦ ከሚፈስ ብላ በጎድጓዳ ሳህን ያረጋችውን በረዶ ሰባብራ ለሰፈር ልጅ ታድላለች። በዚያ የደሴ ብርድ፣ ከንፈራችን ጠቁሮ፣ እየተንቀጠቀጥን በረዶ እንመጥ ነበር፤ ያም ደስታ ይባል ነበር።

የዝግጅቱ ሁሉ ቁንጮ ግን የፋኖሷ ብርጭቆ ናት። ፋኖሳችን ባለ እጀታ ነበረች፤ ብርጭቆዋ ከላይም ከታችም አፏ ጠበብ ብሎ ወገቧ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ የተነፋች። የትልቅ ሰው እጅ አይገባባትም። በእንጨት ጨርቅ ጠቅልሎ የሚጠርግ ቤት ነበር፤ በእማ ዘንድ ግን እንዲያ ያለ ቤት ከነጥላሸቱ የሚያድር ቤት ነው። ብርጭቆዋን ውሃ ካስነኳት እሳት ሲያገኛት ስለምትሰነጠቅ ውሃ እርም ነው። የተነፋ ደረቅ አመድ፣ ከአቡጀዲ ቁራጭ ለስላሳው፣ ከዚያ አፍን ጠጋ አድርጎ «ሀህ» ብሎ መተንፈስ፣ ከዚያ እንደገና ደረቅ ጨርቅ፤ ሥርዓቷ ይሄ ነው። ይህንንም ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ እጄ ትገባ ነበራ።

ሲመሻሽ እማ ክሩን ትለኩስና ብርጭቆዋን ታስቀምጣለች፤ ብርሃኑ ቀስ ብሎ ግድግዳውን ሲወጣ ለጠረገው ሰው ምርቃት ይሰጣል። ይህ በሌላ ቤት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ በእኛ ቤት ሕግ ነበር። «ይችን የጠረገች እጅ ብርሃን አትጣ። የገባችበት ቤት አይጨልምባት። ከፊቷ የአላህ ኑር ይቅደም።» እትዬ ትርንጎም ከኩራዝ ጋር ከመታገል ብላ ሹራብ ሥራዋን ይዛ ከእኛ ብርሃን ለመካፈል ስለምትመጣ፣ እሷ በክርስቲያኑ «አሜን» ትላለች፣ እኔ ለራሴው ምርቃት በእስላሙ «አሚን» እላለሁ። መዳፌ ውስጥ ያን ምርቃት ጨብጬው የምተኛ ይመስለኝ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አጎቴ ከቢስቲማ አንድ ዶሮና አንድ ልጅ ይዞ መጣ። ዶሮዋን በሦስተኛው ቀን አረድናት፣ ልጅቱ ቀረች። እኔ ብጠየቅ ኖሮ የማስቀረውን አውቅ ነበር፤ ግን ማን ጠየቀኝ? ልጅቱ መዲና ናት፤ የእማ ታናሽ ወንድም ልጅ፣ ደሴ እንድትማር የመጣች የሰባት ዓመት ልጅ፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ድምፅዋ ትንሽ፣ እጇ ደግሞ ቀጭን፣ እንደ ጤፍ አገዳ። የመጀመሪያው ሰሞን አልጠላኋትም፣ እንዲያውም ጠጉሯን ሠርቼላታለሁ።

ከዚያ ማስታወቂያው መጣ። እንደ ወትሮው ብርጭቆዋን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጄን ሰደድኩ፤ አውራ ጣቴ ሥር ሲደርስ እምቢ አለ። አዙሬ ሞከርኩ፣ ሰብሰብ አድርጌ ሞከርኩ። እማ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝና ደስ አላት። «ማሻአላህ! ልጄ አድጋለች እኮ!» አለች፤ ተነስታም ብርጭቆዋን ከጉልበቴ ላይ አንስታ ለመዲና ሰጠቻት። የመዲና እጅ ዓሣ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ለእኔ የደረሰኝ ሹመት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነበር፤ «አንቺ አሁን ትልቅ ነሽ፣ ውሃው ላንቺ ይሁን።» ማደግን የመሰለ ቅጣት ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም።

ያን ምሽት ምርቃቱ ለመዲና ሆነ። እኔ «አሚን» ማለት ነበረብኝ። ከንፈሬን አንቀሳቅሼ ድምፄን ውስጤ አስቀረሁት፤ የእኔ አሚን ካልተጨመረበት ምርቃቱ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል ብዬ አምን ነበር። ይህን ተንኮል ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር፣ ከንፈር ብቻ የሆነ አሚን። በዚያ ላይ መዲና «አክስቴ» ማለቷን ትታ አንድ ጠዋት «እማ» ብላ ጠራቻት፤ እማም «ወዬ» አለች፣ እንደዋዛ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ትምህርት ቤት እስክደርስ ያችን «ወዬ» እያላመጥኳት ሄድኩ።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። አረፋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የበዓል ልብስ እማ መደርደሪያ ላይ ተቆርጦ ተቆልሏል፤ የማስታወቂያዋ መኪናም መጣችና ነገ ከጠዋት እስከ ማታ መብራት የለም አለች። እማ ቀኑን በመስኮቱ ብርሃን፣ ምሽቱን በፋኖሷ ካልሰፋች አይደርስላትም። የፋኖሷን ልክ ብርጭቆ ደግሞ ያን ሰሞን ከየሱቁ ጠፍታ፣ ያለችን ያችው አንዲቷ ናት። እማ እህሉን ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች፣ መዲና ሰልፍ ልትይዝላት ተከተለቻት፣ እኔ ውሃውን ቀድቼ ጨርሼ ብቻዬን ቤት ቀረሁ። ብርጭቆዋ መደርደሪያው ላይ ናት። ከዚያች ከተከለከልኳት ቀን ወዲህ አንድ ዓመት አልፏል፤ እጄም እንደሆነ አልቀነሰ። ግን ሳይመለሱ ጠርጌ ብጠብቃቸው፣ ምርቃቱ የእኔ ነው።

አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ቀበርኩት፣ ጣቶቼን እንደ እንቡጥ ሰበሰብኳቸው፣ ጥርሴን ነክሼ ገፋሁት። ገባ! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሆዷ ውስጥ ሲደርስ ጣቶቼ ዘና አሉ፣ አመዱን አዳረስኩ፣ በጨርቁ ወለወልኩ፣ አንድ ነቁጥ ጥላሸት አላስቀረሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ሳወጣው እምቢ አለ። ስጎትት አበጠ፣ ሲያብጥ ጎተትኩ፤ አንጓዬ ላይ ያለው የብረት አምባሬ የብርጭቆዋን አፍ ገጭ ሲያደርጋት ከጠርዟ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሽራፊ ወደቀች። ልቤም አብራት ወደቀች። በዚህ መሃል የእማ ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

ጋቢ ተከናንቤ አልጋ ውስጥ ገባሁ። «ሆዴን» አልኩ፤ ሌላ በሽታ አልመጣልኝም። በእኛ ቤት ሆዴን ያለ ሰው ፌጦ በሎሚ ይጠጣል፣ ምሕረት የለውም። እማ ዱቄቱን አስቀምጣ፣ ፌጦዋን በጥብጣ፣ አጠገቤ ተቀመጠችና ኩባያዋን ዘረጋችልኝ። ግራ እጄን ከጋቢው ብቅ አደረግኩ።

«ምነዋ ሀያት፣ በቀኝሽ ተቀበይ እንጂ! በግራው የሚጠጣ ሸይጧን ነው።»

«ደንዝዞብኝ ነው እማ።»

«ይደነዝዛል፤ ሲያርፍ ይለቅቃል። አብሽሪ፣ ቢስሚላህ በይና በቀኝሽ ተቀበይ።»

ኩባያዋን እንደዘረጋች ቆየች። በመጨረሻ ራሷ አፌ ላይ ደግና አጠጣችኝ፤ ፌጦው አፍንጫዬ ድረስ ወጣ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ ለቅሶውም ለበሽታዬ ምስክር ሆነልኝ። ከዚያ ተነስታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ብርጭቆዋ የለችም። «መዲና! ብርጭቆዋን የት አደረግሻት?»

መዲና አላደረገቻትም። መደርደሪያውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ጋቢው ሆዴ ላይ እንደ ጉልላት ጉብ ብሏል። ዓይኗ እዚያ ላይ ቆመ። አለቀልኝ አልኩ። ያን ሁሉ አሚን የነፈግኳት፣ የሰፈር ልጆች ፊት «የባላገር ልጅ» ያልኳት፣ አሁን አንድ ቃል ብትናገር እኔን ጨርሳ እሷ እናቴን ጠቅልላ ትወስዳለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እናገር ነበር፤ ይህን ሳልዋሽ እነግራችኋለሁ።

«እትዬ ትርንጎ ቤት ናት» አለች መዲና። «እዚያ ስጠርጋት ረስቻት ነው የመጣሁ።»

እማ ቆጣ አለች፤ ብርጭቆ ከቤት ይወጣል እንዴ፣ ብትሰበርስ፣ ያን ሁሉ የሰው ልጅ በዓል ራቁቱን ልታስውይው ነው እያለች። መዲና አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ተቀበለችና እማ ዱቄቱን ልትነፋ ከመጋረጃው ወዲያ ወዳለችው ጓዳ ስትገባ ከጀርባዋ የዘይቱን ጠርሙስ ይዛ ጋቢው ውስጥ ገባች። በዚያ ጨለማ፣ በዚያች ቀጭን እጇ፣ በጠባቡ አፍ በኩል ዘይቱን አንጠባጥባ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈች፣ እያሸች፣ «አብሽሪ፣ አትጎትቺው፣ አብሽሪ» እያለች አወጣችልኝ፤ ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋም ብርጭቆዋን ከእትዬ ትርንጎ ቤት እንዳመጣቻት አስመስላ መደርደሪያው ላይ መለሰቻት። ልጅቱ ስምንት ዓመቷ ነው። አመሰገንኳት ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። «ብትናገሪ ወየውልሽ» ነው ያልኳት። ቅናት የተዋለለትን ውለታ አይወድም፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሰ ቀናሁባት፣ ምክንያቱም እጇ ብቻ ሳይሆን ልቧም ከእኔ እንደሚሻል አይቻለሁ።

በማግስቱ ሲመሻሽ ፋኖሷ ተለኮሰች። እማ ብርጭቆዋን ስታስቀምጥ የተሸረፈው ጠርዝ ከሥሯ ገብቶ ተደበቀ፤ አላየችም ብዬ ተነፈስኩ። የእትዬ ትርንጎ ኪሮሽ ቆመ፣ ሁላችንም ምርቃቱን ጠበቅን። እማ ግን የዚያን ቀን ቃሏን ቀየረችው። «ይችን ብርጭቆ የነካ እጅ ሁሉ ብርሃን አይጣ» አለች። እጅ ሁሉ። እኔ አፏ ያዳለጣት መሰለኝ፤ ይህን ያህል ተሠቃይቼም የደረሰኝ ከመዲና ጋር የተካፈልኩት ግማሽ ምርቃት ነው ብዬ አኮረፍኩ። እማ መኪናዋን መርገጥ ጀመረች፤ ልብሶቹም ለአረፋ ደረሱ።

ዓመታቱ አለፉ። እኔ ሥራ አግኝቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ተፋትቼ እዚያው ቀረሁ። መዲና ከእማ ስፌቱን ተማረች፣ ደሴም ቀረች፣ ቤቱም መኪናውም እማም በእሷ እጅ ናቸው። እማን እኔ ጋ ላምጣት ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ። «ኮምቦልቻ ሙቀቱ አይሆነኝም» ትላለች። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ምን ያህል ነው? ሰው የሚኖርበት አገር ነው እኮ! መድኃኒቷን በስንት ሰዓት እንደምትውጥ፣ ሻይዋ ላይ ስኳር መቀነሷን፣ ጥርሷን ማስነቀሏን የምሰማው ከመዲና ነው። በስልክ «እማ ደህና ናት፣ አብሽሪ» ባለችኝ ቁጥር ከጋቢው ሥር ያለሁ ይመስለኛል።

ያን አርብ ምሽትም ደወልኩ። ያነሳችው መዲና ናት። «አብሽሪ ሀያትዬ፣ ውሃውን ሞልተናል፣ እህሉም ተፈጭቷል። እማ ደግሞ ፋኖሷን ካላወጣሽልኝ ብላኝ ላምባ ስፈልግ ዋልኩ እልሻለሁ፣ በስንት መከራ አገኘሁ።» ካላወጣሽልኝ! እኔን ፋኖስ አውጪልኝ ያለችኝ መቼ ነው? ቅዳሜ በመብራቱ ምክንያት ፋብሪካው ዝግ ነበር። ማልጄ ተነስቼ፣ ከሱቅ ትልቋን፣ ሦስት ክንፍ ያላትን የቻርጅ አምፖል ገዝቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ዳገት እየዞርን ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ አምፖሏን ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ዛሬ ያችን ፋኖስ አሳያታለሁ እያልኩ ነበር። ከፋኖስ ጋር የምፎካከር የአርባ ዓመት ሴት።

ስገባ እማ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ መዲና አጠገቧ በርጩማ ላይ። ብርጭቆዋ መዲና እጅ ላይ ነበረች፤ በእንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልላ ትታገላለች። የመዲና እጅ ወፍሯል፤ ስፌትና ልጅ ማሳደግ አሳብጦታል፣ ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል። ወንዶች ልጆቿም እጃቸው አካፋ ነው። ሳያት ደስ አለኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እውነት ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው፤ የእሷም እጅ አልገባ አለ። አምፖሏን አውጥቼ ላበራ ስል እማ «በእንጨት አትጫሪያት፣ አምጫት ወዲህ» አለቻት።

ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። አመዱን ነካች፣ አቡጀዲውን ያዘች፣ ቀኝ እጇን ሰብሰብ አደረገችና ሰደደችው። ገባ። ሳይገፋ፣ ሳይታገል፣ እንደ መዲና የያኔው እጅ ገባ፤ ውስጡም ወዲያና ወዲህ አለ፣ ቦታም ተረፈው። ያ እጅ የከሰሉን ካውያ እንደ ማንኪያ የሚያነሳ፣ እኔንና መዲናን በአንድ ዙር ጥፊ የሚያዳርስ እጅ ነበር። አሁን ቆዳና አጥንት ብቻ ሆኖ በብርጭቆዋ ውስጥ ይታየኛል። መቼ እንዲህ እንደሆነ አላየሁም። መዲናን አየኋት፤ አብራት እየኖረች እሷም አላየችም ነበር፣ እንጨቱን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች።

እማ ግን ሥራ ላይ ናት። ጠርዙን ዞራ ስትወለውል ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ያችን የሩዝ ፍሬ የምታህል የተሸረፈች ቦታ ዳበሰችና ሳቀች። «ሀያት፣ ይችን ታውቂያታለሽ?»

ወደ መዲና አየሁ። እሷም ወደ እኔ።

«ፌጦውን በቀኝሽ ተቀበይ ስልሽ እኮ አውቄ ነው። ከጋቢው ሥር የብርጭቆዋ ቂጥ ወጥቶ ይታየኝ ነበር። ዱቄት ልነፋ ብዬ ጓዳ የገባሁትም ለዚያው ነው፤ ያ ዱቄት የዚያን ቀን መች ተነፋ?» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። እጅ ሁሉ ያለችው አፏ አዳልጧት አልነበረም። ግማሽ ብዬ ያኮረፍኩበት ምርቃት፣ ጥፋቴን እያወቀች፣ ሙሉውን ሰጥታኝ ነበር።

ምሽቱ ገብቶ ጉሙ መስኮቱ ላይ ሲያርፍ መዲና ክሩን ለኮሰች፣ እማ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አምፖሌን ከቦርሳዬ አላወጣኋትም። ብርሃኑ ቀስ ብሎ ግድግዳውን ወጣ። እማ ያን የሚገባ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ተራ በተራ አየችን።

«በሉ እንጂ፤ የጠረገ አይመረቅም?»

እንዴት ይመረቃል? እናትን የሚመርቅ እናትን የሚበልጥ ሰው ነው፤ እትዬ ትርንጎ ሞታለች፣ ሌላ አዋቂ ሰው በቤቱ የለም። ዕድሜዬን በሙሉ ከመዲና መቅደም እፈልግ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እሷ ብትቀድመኝ ብዬ ተመኘሁ። እሷ ታላቅነቴን አክብራ እኔን ጠበቀች። «ይችን የጠረገች እጅ ብርሃን አትጣ» አልኩ። «የገባችበት ቤት አይጨልምባት። እሷን አላህ ያቆይልን፣ ከእኛ አይንጠቃት።»

«አሚን» አለች መዲና። ጮክ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከሆዷ። አንድም ሳታስቀር ሙሉውን ሰጠችኝ።